የፌንጣ አሰልጣኝ

ውድ አባዬ፣

ትናንት ስልኩ የተቋረጠው ኔትወርክ ጠፍቶ አይደለም። እኔ ነኝ የዘጋሁብህ። እማዬ አጠገብህ ተቀምጣ «መስመሩ ነው፣ እዚያ አካባቢ ያስቸግራል» እንዳለችህ አልጠራጠርም፤ ለእኔ ጥብቅና መቆም መቼም አይሰለቻትም። ዛሬ ጠዋት ከተጫዋችህ ከፌንጣ ጋር በሰላም ተመልሰናል። ግን ሆስፒታል መጥቼ ዓይንህን ከማየቴ በፊት ይህን ብታነብ ይሻላል ብዬ ለእማዬ ሰጥቼልሃለሁ።

ፊት ለፊት ልንገርህ ብል እንደማይሆንልኝ አውቀዋለሁ። አንተ ጉሮሮህን ትጠራርጋለህ፣ እኔን እንባዬ ይቀድመኛል፣ እማዬ በመሀል ሻይ ይዛ ትገባለች፣ ነገሩም እዚያው ተዳፍኖ ይቀራል። ዳሌው ተቀድዶ ለተኛ ሰው እንዲህ ያለ ደብዳቤ መጻፍ ነውር መሆኑም አልጠፋኝም። ምን ላድርግ፣ ደህና ብትሆን ኖሮ ግማሹ ላይ ስትደርስ ትተኸው ራኬትህን ይዘህ ትወጣ ነበር። አሁን የትም አትሄድም።

ቀናሁ አባዬ። በአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ቀናሁ። እንዲህ በግልጽ ሲጻፍ እኔንም ያስቀኛል። ሃያ ሰባት ዓመት የሞላኝ ሴት ነኝ፤ የጥርስ ሐኪሟ መርፌ ባነሳች ቁጥር ወንበሩ ላይ የሚንቀጠቀጡ ትልልቅ ሰዎችን እጃቸውን ይዤ የማባብል፣ ክሊኒኩ ውስጥ «ቀዝቃዛዋ» የምባል ሰው ነኝ። ግን ቀናሁ። አንጀቴ እስኪያር ቀናሁ።

ነገሩን አንተም ታውቀዋለህ፤ በእኔ በኩል ሆኖ ሲታይ ምን እንደሚመስል ግን አታውቅም። ሐኪሙ ቀዶ ሕክምናው ከዚህ ሳምንት አያልፍም ብሎ ቁርጡን ሲነግርህ መጀመሪያ የጠየቅኸው ስለ ዳሌህ አልነበረም። «የፌንጣ ውድድርስ?» ነው ያልከው። የልጅቱ ወላጆች ሥራቸውን ጥለው መሄድ አይችሉም፤ ስለዚህ እኔን አስጠራኸኝ። ከአሥራ አምስት ዓመቴ ጀምሮ ሜዳ ረግጬ እንደማላውቅ፣ ቴኒስ በቴሌቪዥን ሲመጣ እንኳ ጣቢያ እንደምቀይር እያወቅህ «ይህቺን ልጅ አንድ ሳምንት ብቻ ያዢልኝ» አልከኝ። ያዢልኝ! ሰው ሽንት ቤት ሲገባ ቦርሳውን የሚያስይዝ ነው የመሰልከው። እሺ ያልኩትም ለአንተ ብዬ አይደለም፤ እማዬ ከራስጌህ ቆማ በዓይኗ ስለለመነችኝ ነው።

የውድድሩን ነገር ያኔውኑ አስረዳኸኝ። አንደኛ የወጣችው ልጅ ከሁለት ወር በኋላ ለሚደረገው አገር አቀፍ ውድድር ታልፋለች፤ «እስከዚያ እኔ እነሳለሁ፣ እዚያ እኔው እወስዳታለሁ» አልክ። ነገሩ ወለል ብሎ ታየኝ። ካሸነፈች አሽሞንሙኜ አስረክብሃለሁ፤ እኔ በአሥራ አራት ዓመቴ ደጁ ላይ ደርሼ ወደተመለስኩበት ቦታ ሁለታችሁ እጅ ለእጅ ተያይዛችሁ ትሄዳላችሁ። ከተሸነፈች ደግሞ «አደራዬን በላሽ» የሚል ዓይንህን ዕድሜ ልኬን ሳይ እኖራለሁ። አውቶቡስ ስንሳፈር የትኛውን እንደምመኝ ለራሴም አላውቀውም ነበር።

ልጅቱ ከቁመቷ የሚበልጥ ቦርሳ አዝላ መጣች። በሁለት እጇ ጨብጣኝ መስኮቱ በኩል ተቀመጠች። ገና ከከተማ ሳንወጣ «እትዬ፣ አባባን ግን በጣም ያመዋል?» አለችኝ። የትኛው አባባ አልኳት፤ የራሷ አያት መስሎኝ ነበር። ለካ አንተን ነው።

ክው አልኩ። ትዝ ይልህ እንደሆነ እንጃ፤ ስድስት ዓመቴ ላይ ሜዳው ላይ ወድቄ ጉልበቴ ተልጦ «አባዬ!» ብዬ ስጮህ፣ እንኳን ልታነሳኝ ካለህበት ሳትነቃነቅ «ሜዳ ላይ አባት የለም፣ አሰልጣኝ በዪኝ» አልከኝ። አልኩህ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አልኩህ። ለምዶብኝ እራት ላይ ሳይቀር «አሰልጣኝ፣ ጨው አቀብለኝ» ያልኩህ ቀን እማዬ ማንኪያዋን አስቀምጣ ሁለታችንንም ያየችበት አስተያየት ዛሬም አይረሳኝም። አንተ ግን ምንም ቅር ሳይልህ ጨዉን አቀበልከኝ። እና አሁን ይህቺ ልጅ በሰው ፊት፣ በሜዳው መሀል «አባባ» እያለች ትጠራሃለች፣ አንተም አቤት ትላለህ።

የቅጽል ስሙም ያንተ ሥራ ነው። ኳስ ከመቀበሏ በፊት በሁለት እግሯ እንጣጥ እንጣጥ ስለምትል ፌንጣ አልካት፤ አሁን እናቷም አስተማሪዎቿም በእሱ ነው የሚጠሯት። እኔን በዚያ ሁሉ ዓመት ምን ብለህ ነበር የምትጠራኝ? «አንቺ»። ራቅ ካልኩ ደግሞ በፉጨት።

ያረፍንበት ክፍል ሁለት አልጋና አንድ የሚንጫጫ ማራገቢያ ነበረው። ልጅቱ ጫማዋን ሳታወልቅ፣ ማንም ሳይጠይቃት ስለ አንተ ማውራት ጀመረች። አባባ እንዲህ አለ፣ አባባ እንዲያ አደረገ። ስትሸነፍ አይስክሬም እንደምትገዛላት ያኔ ነው የሰማሁት። ስታሸንፊስ አልኳት። «ሳሸንፍማ ደስ ስለሚለኝ አያስፈልገኝም ይላል» አለችኝ፣ ይህ ደግሞ ምን ይጠየቃል በሚል ፊት። እኔ በዚሁ ውድድር ግማሽ ፍጻሜ ላይ የተሸነፍኩ ዕለት ምን ገዛህልኝ? ቤት እስክንደርስ መኪናው ውስጥ የሰማሁት ነገር ቢኖር በየመታጠፊያው የፍሬቻው ቀጭ ቀጭ ብቻ ነው። እንዳልበድልህ ደግሞ፣ ስንደርስ በሩን ከፍተህልኛል፤ ቁልፉ አንተ ጋ ስለነበር።

የመጀመሪያው ግጥሚያ ላይ አንደኛ ረድፍ ተቀመጥኩ። ልጅቱ ከእያንዳንዱ ነጥብ በኋላ ዘወር እያለች ታየኛለች። ፊቴን ምን እንደማደርገው ጨነቀኝ። ፈገግ ልበል፣ ልኮሳተር፣ እጄን ላንሳ፣ ምንም አላውቅም። በመጨረሻ ስልኬን የማይ መሰልኩ። አንዱን ዙር አጥታ፣ በስንት መከራ ሁለቱን አሸንፋ ወጣች። ላቧን እንኳ ሳትጠርግ በቀጥታ መጥታ ፊቴ ቆመች፤ ለምንድነው ራስሽን የማትነቀንቂልኝ አለችኝ።

አልገባኝም። አስረዳችኝ። አባባ ከእያንዳንዱ ነጥብ በኋላ፣ አዎ እንደሚል ሰው፣ ራሱን ዝቅ ከፍ ያደርግላታል። ብታገባም ብታበላሽም፣ የቱንም ያህል የሚያሳፍር ስህተት ብትሠራም። ታዲያ ምን ማለቱ ነው አልኳት።

«ምንም ማለቱ አይደለም» አለች። «አለሁ ማለቱ ነው።»

ሽንት ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፍቼ አለቀስኩ። እኔ ስጫወት አንተ ከዕቃ ቤቱ ጀርባ ነበር የምትቆመው። ተጫዋች ወላጁን እያየ መጫወት የለበትም ትል ነበር፤ ደግ። እኔ ግን አይህ ነበር። ከግድግዳው ጥግ የጫማህ ጫፍ ይታየኝ ነበር፤ ያቺን ጫፍ እያየሁ ነው ያደግሁት። የተሳካ ምት ስመታ ትንቀሳቀስ እንደሆነ እያልኩ እጠብቃለሁ፤ ተንቀሳቅሳ አታውቅም። እና ያ አንገቱ እንደ ምሰሶ የደረቀ ሰው፣ እሱ ነው ለሰው ልጅ ራሱን ሲነቀንቅ የሚውለው?

በሁለተኛው ግጥሚያ ነቀነቅሁላት። ፀሐይ እንደምትሞቅ እንሽላሊት ያለማቋረጥ ስነቀንቅ ዋልኩ። ልጅቱ በራላት፤ በቀላሉ አሸነፈች። እኔ ግን ራሴን ያዋስኩህ መሰለኝ። ወንበሩ ያንተ፣ መነቅነቁ ያንተ፣ ልጅቱ ያንተ፤ የእኔ የሆነው የአንገት ሕመሙ ብቻ ነው። በዚህ ዓይነት ካሸነፈች ያሸነፍከው አንተ ነህ፣ ከአልጋህ ሳትነሳ።

ስለዚህ ከግማሽ ፍጻሜው በፊት የራሴን ነገር ጀመርኩ። ታውቃለህ፣ እኔ ወደ መረቡ የምሮጥ ተጫዋች ነበርኩ፤ «ኋላ ቁሚ፣ ትዕግሥት ይኑርሽ» እያልክ ያንን ከውስጤ አውጥተህ ጣልከው። ፌንጣም ያው ናት። እግሯ ወደ ፊት ይላል፣ የተነገራት ነገር ወደ ኋላ ይጎትታታል። ባዶ ሜዳ አግኝተን ወደ መረቡ እየወጣች ኳሷን መሬት ሳትነካ እንድትመታ አለማመድኳት። በሳቅ ሞተች። እኔም ከስንት ዓመት በኋላ ራኬት ይዤ መሮጤን ያስተዋልኩት ትንፋሼ ሲቆራረጥ ነው። በማግስቱ ግጥሚያው ላይ ወደ ፊት በወጣች ቁጥር ነቀነቅሁላት፤ ኋላ በቀረች ቁጥር ዝም። ብልህ ልጅ አይደለች፣ ወዲያው ገባት።

እንዴት እንዳሸነፈች ብታይ! ተጋጣሚዋ የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፋት። ከኋላዬ አንድ ሰውዬ «አሰልጣኟ ማን ናት?» ብሎ ሲጠይቅ ሰማሁ፤ «ናት» ነው ያለው፣ «ነው» አላለም። ደረቴ ተነፋ። ይህቺስ የእኔ ናት አልኩ በሆዴ።

ያን ዕለት ለእማዬ ደወልኩ። ከሰመመኑ ነቅተህ ገና ውኃ እንኳ ሳትቀምስ ስለ ፌንጣ እንደጠየቅህ ነገረችኝ። ስልኩን ስጪው አላልኳትም። ይልቅ የራስ መነቅነቁን ጉድ አወራኋት፤ ትስቃለች ብዬ ነበር፣ አልሳቀችም።

«በአንቺ ላይ ያጠፋውን ያውቀዋል» አለችኝ። «በዚህች ልጅ እየካሰ ነው።»

«ታዲያ የእኔ ካሳ ለምንድነው ለእሷ የሚሰጠው?» አልኳት።

እማዬ ወሬ ቀይራ ምን እንደበላሁ ጠየቀችኝ። እኔ ግን ነገሩ ገባኝ። የመለማመጃ ልጅ ነበርኩ ማለት ነው። አባትነትን በእኔ ላይ ተለማመድክና፣ እጅህ ሲፍታታ ለሰው ልጅ ሰጠኸው።

የፍጻሜው ቀን ፀሐይዋ ናላ ታዞር ነበር። ተጋጣሚዋ ረጅም ልጅ ናት፤ አሰልጣኟ ጥቁር መነጽር ያደረገ ግዙፍ ሰውዬ፣ ከእኔ ጥቂት ወንበር ርቆ ተቀምጧል። ፌንጣ የመጀመሪያውን ዙር ወደ መረቡ እየተመላለሰች ወሰደችው። እኔም ከልክ በላይ ደስ አለኝ። ነጥቡ ካለቀ በኋላ መነቅነቁን ትቼ፣ ከረጅሟ ልጅ በኩል አጠር ያለ ኳስ ሲመጣ ገና በአየር ላይ ሳለ መነቅነቅ ጀመርኩ። ሂጂ ማለቴ ነበር። ሰውዬው መነጽሩን አውልቆ አየኝ፣ ከዚያ እጁን አነሳ።

ዳኛዋ ጨዋታውን አስቆማ በሰው ሁሉ ፊት ማስጠንቀቂያ ሰጠችኝ። ተጫዋች ሜዳ ውስጥ እያለች አሰልጣኝ ምክር መስጠት አይፈቀድለትም፤ ሁለተኛ ከደገምኩ ከፌንጣ ላይ ነጥብ ይቀነሳል። ልጅቱ ምን እንዳጠፋች አልገባትም፤ ራኬቷን ታቅፋ አንዴ እኔን አንዴ ዳኛዋን ታያለች። እኔ ደግሞ ዝም አልልም፣ ታውቀኛለህ። ተነሥቼ ራስ መነቅነቅ ከመቼ ወዲህ ነው ክልክል የሆነው አልኩ። ዳኛዋ ከከፍተኛው ወንበሯ ላይ ዝቅ ብላ፣ በጣም በቀስታ መለሰችልኝ።

«ለሁሉም ብትነቀንቂላት ግድ አልነበረኝም» አለችኝ። «አንቺ ግን መርጠሽ ነው የምትነቀንቂላት።»

ተቀመጥኩ። ሁለተኛውን ዙር እጆቼን ከጭኔ ሥር ከትቼ፣ አገጬን አጥብቄ ተመለከትኩ። ፌንጣ ከእያንዳንዱ ነጥብ በኋላ ዘወር ትላለች፣ እኔ ድንጋይ። ታበላሽና ዘወር ትላለች፣ ድንጋይ። ታገባና ዘወር ትላለች፣ አሁንም ድንጋይ። ስትዞር ዓይኗ ላይ ያለውን ነገር አውቀዋለሁ፤ ከእኔ በላይ ማን ያውቀዋል። ዙሩ ሳይቆይ ከእጇ ወጣ። እዚያ ቁጭ ብዬ አንተን ሆኜልህ ነበር። ዝም ብሎ መቀመጥ አንገትን ምን ያህል እንደሚያም ያን ቀን አወቅሁ፤ ምናልባት አንተንም ያምህ ነበር። ይህን የጻፍኩት ይቅር ልልህ አይደለም። አንተን ማንም ዳኛ አላስጠነቀቀህም።

አንድ አንድ ከሆኑ፣ ለሙቀቱ ሲባል ከመጨረሻው ዙር በፊት አጭር ዕረፍት ይሰጣል፤ በዚያ ዕረፍት ብቻ አሰልጣኝ ከተጫዋቿ ጋር መነጋገር ይፈቀድላታል። ከልብስ መቀየሪያው ጀርባ ጥላ ያለበት ደረጃ ላይ ተቀመጥን። እርጥብ ፎጣ ማጅራቷ ላይ አደረግሁላት። ውኃ ጠጣች። ከዚያ «አባባን ላናግረው?» አለችኝ።

ስልኩ ኪሴ ውስጥ ነበር። አንተም ነቅተህ እየጠበቅህ እንደሆነ አውቃለሁ። ድምፅህን ብትሰማ እንደሚበጃት ሞኝ እንኳ ያውቃል። እኔ ግን እምቢ አልኳት። ይህቺ ዕረፍት የእኔ ናት፤ በሳምንቱ ውስጥ የእኔ የሆነች አንዲት ነገር እሷ ናት፣ እሷንም አንተ ልትነጥቀኝ ነው አልኩ በልቤ። አባባ የለም፣ ዛሬ ያለሁት እኔ ነኝ አልኳት፤ ከሚገባው በላይ ኮስተር ብዬ። ዓይኗ ሞላ። ግን አላለቀሰችም፣ ፎጣውን ጨምቃ ያዘችና ጫማዋን እያየች ተናገረች።

«እሺ። ግን አንቺ አለሽ? ሳይሽ እኮ የለሽም።»

አባዬ፣ እኔ ይህን ጥያቄ በልቤ ይዤ ነው ያደግሁት። አንድም ቀን አውጥቼ ልጠይቅህ አልደፈርኩም። እሷ ጠየቀችኝ፤ ምክንያቱም አንተ የሚጠየቅ ሰው እንዳለ አስተምረሃታል። ቅናቱ እዚያው ደረጃው ላይ ጥሎኝ አልሄደም፤ ግን ለጥቂት ደቂቃ አፉን ዘጋ። እውነቱን ነገርኳት። ጥፋቱ የአንቺ አይደለም፣ ማስጠንቀቂያው የመጣው በእኔ ነው፣ ለአንቺ መነቅነቅ ሲገባኝ ለራሴ እየነቀነቅሁ ነበር አልኳት። ምን ያህሉ እንደገባት እንጃ። አሁን ታዲያ ወደ መረቡ ልሂድ ወይስ ኋላ ልቅር አለችኝ። የፈለግሽውን አልኳት። ከዚያ አንድ ነገር ብልጭ አለልኝ።

«ከአሁን በኋላ ወደ እኔ አትዙሪ» አልኳት። «ስሚኝ ብቻ።»

ማጨብጨብን የሚከለክል ደንብ የለም። ሦስተኛው ዙር ሲጀመር የመጀመሪያውን ነጥብ ረጅሟ ልጅ ወሰደችው፤ አጨበጨብኩ። ሁለተኛውን ፌንጣ ወሰደች፤ አጨበጨብኩ። ኳሷ መረብ ላይ ቀረች፤ አጨበጨብኩ። ለሁለቱም፣ ለሁሉም፣ እኩል። ሰውዬው መነጽሩን ደጋግሞ አውልቆ አየኝ፣ ሊከሰኝ የሚችልበት ነገር አጣ፤ ለእሱም ልጅ እያጨበጨብኩ ምን ይላል? የረጅሟ ልጅ እናት መጀመሪያ ያሾፍኩባት መስሏት ፊቷን አጨፈገገች፣ ኋላ ግን እሷም ለፌንጣ ማጨብጨብ ጀመረች። ዳኛዋ አንዴ አየችኝና ከንፈሯን ነክሳ ወደ ሌላ ዞረች፤ ሳቋን ነበር የያዘችው። እጄ ፍም መሰለ። ፌንጣ አንዴም ዞራ አላየችኝም።

የመጨረሻዋን ነጥብ እንዴት እንዳገባችው በስልክ አልነገረችህም፣ እኔ ልንገርህ። ወደ መረቡም አልወጣችም፣ ኋላም ሆና አልጠበቀችም። ረጅሟ ልጅ ወደ ፊት ስትሮጥ ከጭንቅላቷ በላይ አሳልፋ፣ ዝግ ያለች፣ ሰማይ ጠቀስ ኳስ ላከችባት። እንዲህ ያለ ነገር እኔ አላስተማርኳትም፤ አንተም እንደማታስተምር አውቃለሁ፣ እንዲህ ያለውን ምት የሰነፍ ምት ነው የምትለው። ኳሷ መስመሩ አጠገብ አርፋ እስክትነጥር ድረስ አዳራሽ ውስጥ የሆነ ይመስል ሁሉም ጸጥ አለ። ከየት እንዳመጣችው እንጃ። በዚያች ኳስም ትንሽ ቀናሁ፣ ምን ልዋሽህ።

አጥሩን ዞራ ሮጣ መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። «ሰማሁሽ» አለችኝ። ሌላ ምንም አላለችም። ከዚያ ስልክ ጠየቀችኝ፤ ደውዬ ሰጠኋት። ድምፅህ እኔ ድረስ ይሰማ ነበር። «የኔ ፌንጣ! የኔ ልጅ!» አልክ። አለቀስክ። አባዬ፣ ስታለቅስ ሰምቼህ አላውቅም ነበር። አያቴን የቀበርን ቀን እንኳ ጉሮሮህን ነው የጠረግኸው።

ከዚያ እኔን ጠየቅህ። ስልኩን ተቀበልኩ። እንደ ሕፃን ጠበቅሁ፣ አሁን እኔንም አንድ ነገር ይለኛል ብዬ። «ጎሽ፣ በደንብ ይዘሽልኛል። ከእንግዲህ እኔ እረከባታለሁ» አልከኝ። ያኔ ነው የዘጋሁብህ። እስከዚያች ደቂቃ አንተን ስላገኘች በእሷ ነበር የምቀናው። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ግን እሷን ልትወስድብኝ ስለሆነ በአንተም ቀናሁ። ከሁለት ወገን መቃጠል ምን እንደሆነ ለማንም አልመኝም።

አውቶቡሱ ላይ አዋቂ ሰው የማይጠይቀውን ጠየቅኋት። ለአገር አቀፉ ውድድር ከአባባና ከእኔ ማንን ትመርጫለሽ አልኳት። ዋንጫውን ጭኗ ላይ አድርጋ ሙዝ እየበላች ነበር። ሁለታችሁንም አለችኝ፤ አባባ ራሱን ይነቅንቅልኝ፣ አንቺ አጨብጭቢልኝ። ጥሩ ልጅ ናት፣ መልሱም ጥሩ መልስ ነው። እኔ ግን አልወደድኩትም፣ እስክንደርስ ድረስ በመስኮት ሳይ መጣሁ።

መናኸሪያው ላይ አባቷ ይጠብቃት ነበር። ዳቦ ቤት ነው የሚሠራው፤ ሸሚዙ ላይ ዱቄቱ ሳይራገፍ ከሥራ ሮጦ የመጣ ቀጭን ሰውዬ። ዋንጫውን አላየም። ከነቦርሳዋ አንሥቶ አዞራትና «ምነው ቀጠንሽ፣ ምግብ አልነበረም እንዴ?» አላት። ማሸነፏን የጠየቃት ዘግይቶ፣ መሬት ካስቀመጣት በኋላ ነው። እጄን ይዞ ደጋግሞ አመሰገነኝ። እኔ ዓይኔን ማንሳት ነው ያቃተኝ።

እንግዲህ ቁርጡን ልንገርህ። ፌንጣን አልመልስልህም። ክሊኒኩ ጠዋት ጠዋት ብቻ እንድሠራ ፈቅዶልኛል፤ ከሰዓት በኋላ ሜዳ ላይ የምገኘው እኔ ነኝ። አገር አቀፉ ውድድር ላይም አብሬያት የምሄደው እኔ ነኝ። ተቆጣ፣ እማዬን ሽማግሌ አድርገህ ላክብኝ፣ ወይ ፍንክች። ሙያህን አልናቅሁም፤ ስለ ጨዋታው የምትመክረኝ ነገር ካለህ እኔን ምከረኝ፣ እሰማሃለሁ። ከእሷ አሰልጣኝነት ግን ጡረታ ወጥተሃል።

ከሆስፒታል ስትወጣ ምርኩዝህን ይዤ ቤት የማስገባህ እኔ ነኝ። እግርህን ዘርግቼ፣ ትራስ ደግፌህ ፊት ለፊትህ እቀመጣለሁ። ያኔ ስለ ኳስ አንድ ቃል እንዳታነሳብኝ። ሥራሽ እንዴት ነው በለኝ። ምነው ከሳሽ፣ ማን አስከፋሽ በለኝ። የምትለው ከጠፋህ ዝም በል፣ ብቻ እኔ በማይህ ቦታ ሆነህ ዝም በል። ከእንግዲህ ካንተ የምፈልገው ይኸው ነው፤ እሱን ደግሞ ለማንም አላካፍልም፣ ለፌንጣም ቢሆን። ፌንጣ አባት አላት፣ ዛሬ በዓይኔ አይቼዋለሁ። እኔ ካንተ ሌላ የለኝም።

ነገ ከሰዓት ልምምድ ስላለን የምመጣው አመሻሽ ላይ ነው። ጠብቀኝ።

አንድያ ልጅህ